አውሮፕላኑ በጭራው የተቀመጠ ዕለት

ካፒቶሊና የጎሮቭና የማትመዝነው ነገር አልነበረም። ብሎን ትመዝናለች፤ የወንበር ጨርቅ ትመዝናለች፤ ቆርቆሮ ቀለም ሲቀባ ምን ያህል እንደሚጨምር ለማወቅ አንዱን ቆርቆሮ ሁለቴ ትመዝናለች። የንድፍ ቢሮው የክብደት ክፍል ኃላፊ ናት። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? አዲሱ አውሮፕላን እንዳይወፍር መጠበቅ!

ታላቅ ወንድሙ የሆነው ትልቁ ጄት ያኔ ሰማዩን ይዞታል፤ ከሞስኮ ተነስቶ ሳይቤሪያ ጫፍ ይደርሳል፤ ጋዜጣው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው። ግን ምን ያደርጋል፣ ረጅም አስፋልት ካልተነጠፈለት አያርፍም። ሜዳቸው አጭር የሆነ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ሰዉ እንደ ድሮው በባቡር ሲንገጫገጭ ያድራል። "ለነሱም ጄት ይሠራላቸው" ተባለ፤ አነስ ያለ፣ ቅርብ ለቅርብ የሚመላለስ፣ አጭር ሜዳ ላይ የሚያርፍ። እንግዲህ አጭር ሜዳ ማለት ቀላል ገላ ማለት ነው፤ ቀላል ገላ ማለት ደግሞ ካፒቶሊና፣ በቁልምጫዋ ካፓ፣ ማለት ናት።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ስትጣላ ኖረች። የነሐሱን መብራት ከጣሪያው አስወረደች። የሸክላውን ሳህን በቀላል አስቀየረች። ወፍራሙን ምንጣፍ ስታስነሳው የውስጥ ክፍሉን ያሳመረው ሰዓሊ "ይቺ ሴትዮ ነገ ክንፉንም ትከለክለናለች!" ብሎ እንባ አውጥቶ አለቀሰ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በፊቷ "ካፒቶሊና የጎሮቭና" ይሏታል፤ ዞር ስትል "ስስታሟ"። ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ሁለት ነገር ሲነካባት ግን አትወድም። አንደኛው፣ ሰውን ሁሉ ስትመዝን ኖራ እሷ ራሷ ሰው እያየ ሚዛን ላይ ወጥታ አታውቅም። ደልደል ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትራመድ ሃንጋሩ፣ የአውሮፕላኑ መጠለያ፣ መምጣቷን የሚያውቅላት ሴት ናት። "እርስዎስ ስንት ኪሎ ነዎት?" ብሎ የጠየቀ አንድ ደፋር ያን ቀን ብሎን ሲመዝን ውሏል። ሁለተኛው ይብሳል። ሃያ ዓመት አውሮፕላን ስትመዝን አንድ ቀን እንኳ በርራ አታውቅም። በሙከራ በረራ ላይ ትርፍ ሰው አይሳፈርም፤ ደንቡን ያወጣው ማን ሆነና፣ እሷው ናት።

ዋናው ንድፍ አውጪ ቬኒያሚን ፓቭሎቪች ሥራው ሲጀመር "ካፓ፣ ይህ አውሮፕላን በተባለው ክብደት ከወጣልኝ፣ መጀመሪያ በሚነሳበት ቀን አንቺም ውስጡ ነሽ" ብለዋት ነበር። በተባለው ክብደት ወጣ። እንዲያውም ቀለል አለ። ቢሯቸው ገብታ ብታስታውሳቸው ግን ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። "ቦታ የለም፣ የኔ እህት። አንድ ሰው ብጨምር ቀድመሽ የምትጮሂብኝ አንቺው ነሽ። ሌላ ጊዜ።" ሌላ ጊዜ! ሃያ ዓመት የሰማችው ቃል ነው። "እሺ" ብላ ወጣች፤ በሩን ግን መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ አድርጋ ዘጋችው።

የምርኩዙም ነገር አለ። ከኋላ ብዙ ሰው ከተጫነበት አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሰቅሎ በጭራው እንዳይቀመጥ፣ ካፓ ከጭራው ሥር፣ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ የሚቆም የብረት ድጋፍ ይሠራ ብላ ነበር። የእግርና የጎማ ክፍል ኃላፊው ጌርማን ቪክቶሪች፣ ቀጭን፣ ሽቅርቅር ሰው፣ ስብሰባ መሃል ሳቀባት። "የምንሠራው ጄት ነው ወይስ ሽማግሌ? ምርኩዝ ምን ያደርግለታል?" አለ። ሰዉም ተንከተከተ፤ ሐሳቡም በዚያው ወደቀ። ካፓ ደሟ ፈላ። አንዱን በያጅ ለምና ከውዳቂ ብረት አሠራችው፣ ቀይ ቀለም አስቀባችው፣ እንቢ ያላትን ሁሉ በግልምጫ ዝም አሰኝታ ሥራ ሲያበቃ ከጭራው ሥር ታቆመዋለች። ሰዉም ለመደው፤ ጎንና ጎኑ ላይ ካፖርቱን ይሰቅልበት ጀመር። ጌርማን ቪክቶሪች ራሱ አዲሱን የጠቦት ቆዳ ባርኔጣውን አምጥቶ ጫፉ ላይ ይደፋዋል።

የበረራው ዋዜማ ደረሰ። ነገ ከሚኒስቴሩ ሰዎች ይመጣሉ። ሌላ ቢሮ ደግሞ ጄት ያልሆነ ባለ ማራገቢያ አውሮፕላን ይዞ "ለአጭር መንገድ የኛ ይበቃል" እያለ በር ላይ ቆሟል። ይህኛው ነገ ካልተነሳ ሦስት ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው። ውጪ በረዶው መቅለጥ ጀምሯል፤ የሃንጋሩ ጣሪያ ይንጠባጠባል፤ ፀሐይዋም በበሩ ገብታ ክንፉ ላይ ተኝታለች። ሥራው ሁሉ አልቆ እጅ ተጣጥቧል። የምግብ ቤቷ እትዬ ፍሮስያ፣ ከካፓም የምትሰፋ፣ ጎመን የታጨቀበት ትኩስ ፒሮግ በትሪ ይዛ ስትገባ ሰዉ ከበባት።

"ወገኖቼ!" አለ የሙከራ አብራሪው ሳቬሊ ኒካኖሪች፣ አፉን ሞልቶ። "ነገ ባለሥልጣንና ፎቶ አንሺ ሲተራመስብን ፋታ አናገኝም። ዛሬውኑ ለመንገዱ እንቀመጥለት።"

ይህ ቀልድ አይደለም። እዚያ አገር መንገደኛ ሳይቀመጥ አይወጣም። ሻንጣ ተዘግቶ፣ ካፖርት ተለብሶ፣ ሂያጁም ሸኚውም ለአፍታ ቁጭ ይላል፤ ትንፍሽ የሚል የለም፤ ከዚያ ተነስቶ መሄድ ነው። የፓርቲ አባሉም ይቀመጣል፣ ፕሮፌሰሩም ይቀመጣል። "አላምንበትም" ይላል፣ ይቀመጣል።

"የት እንቀመጥ?" አለች ሊዳ፣ ንድፍ የምትገለብጠው ቀጭኗ ልጅ።

"ምን ጥያቄ ነው? እሱ ውስጥ ነዋ! መንገደኛው እሱ አይደል እንዴ?"

እየተሳሳቁ በፊተኛው ደረጃ ወጡ። የአውሮፕላኑ ግማሽ ፊት በመለኪያ መሣሪያና ሚዛን እንዲጠብቁ በተደረደሩ የውሃ በርሜሎች ተይዟል፤ ወንበር ያለው ከኋላ ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ኋላ ዘለቀ። ካፓ ሌላ ቀን ቢሆን በሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ ነበር የምታስገባቸው። ያን ዕለት ግን ሆድ ብሷታል። ነገ እነሱ ይነሳሉ፤ እሷ ከታች መሐረብ ታውለበልባለች። "እስቲ መቀመጡን እንኳ አብሬያቸው ልቀመጥ" ብላ ገባች፤ መጨረሻው ረድፍ ላይ ከፍሮስያ ጎን ዘፍ አለች።

ዝም አሉ። እንዴት ደስ የሚል ዝምታ ነበር! ሳቬሊ ዓይኑን ጨፈነ። ጌርማን ቪክቶሪች እንኳ ጉልበቱን ገጥሞ እንደ ተማሪ ተቀመጠ። ካፓ ግን አመል ነውና በሐሳቧ መደመር ጀመረች። ፍሮስያ ይህን ያህል፣ በያጁ ይህን ያህል፣ ሳቬሊ... ከኋላ ይህ ሁሉ ሰው። ከፊትስ? ከፊት በርሜሎቹ አሉ። በርሜሎቹ!

በርሜሎቹ ባዶ ናቸው። ሌሊት ውሃው በረዶ ሆኖ እንዳያፈነዳቸው የሚሞሉት ነገ ጠዋት ነው።

አፏን ከፈተች። ከፈተችና ቀረች። ለመንገድ ተቀምጦ አይወራማ! የሚናገር ሰው መንገዱን ያበላሻል፤ ይህን ከወተት ጋር ነው የጠጣችው። በውስጧ ያለችው መሐንዲስ "ጩኺ!" ትላታለች፣ አያቷ ያሳደገቻት ልጅ "ዝም በይ!" ትላታለች። አያት አሸነፈች። ያቺው አንድ እስትንፋስ በቃች፤ ወለሉ ከእግራቸው ሥር ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ፣ ሽቅብ መነሳት ጀመረ።

ከበታች "ጓ!" የሚል ድምፅ መጣ። የሻይ ብርጭቆ እየተንከባለለ ካፓ ጫማ ሥር ደረሰ። አፍንጫው ወደ ሃንጋሩ ጣሪያ ቀና ብሎ ቆመ።

"ተነሳን እንዴ?" አለ ሳቬሊ ዓይኑን ገልጦ። "ያለኔ ማን አስነሳው?"

ሊዳ ጮኸች። ሁለት ሦስት ሰው ብድግ ሊል ሲል ካፓ ያን ድምጿን አወጣች።

"ማንም እንዳይነቃነቅ! ሁላችሁም ወደ ፊት ከሮጣችሁ አፍንጫው ይፈጠፈጣል። የፊቱ እግር ይሰበራል፣ ነገ የሚባል ነገር አይኖርም! ቁጭ!"

ቁጭ አሉ። በዚህ መሃል ከታች የከባድ ሰው እርምጃ ተሰማ፤ እርምጃው ቆመ፤ ከዚያ የዋና አለቃው ድምፅ ሃንጋሩን ሞላው።

"ማነው እዚያ ውስጥ ያለው?"

"እኛ ነን፣ ቬኒያሚን ፓቭሎቪች" አለ ጌርማን ቪክቶሪች በቀጭን ድምፅ።

"እናንተ ማን?"

"ሁላችንም።"

"ምን ትሠራላችሁ?"

"ተቀምጠን ነው" አለች ሊዳ። "ለመንገዱ።"

አለቃው ጎንበስ ብለው ከጭራው ሥር አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጭራው እዚያ ቀይ ብረት ላይ ነው ያረፈው። ብረቱ ደግሞ እየጎበጠ ነው። ካፓን ጥሩልኝ! ካፓ የት አለች?"

"እዚሁ ነኝ፣ ቬኒያሚን ፓቭሎቪች።"

"አንቺም?"

ካፓ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬቷም ራቅ ብላለች። "እኔም" አለች።

"በይ እንደወጣሽ አውርጂው" አሏት፤ ሌላ አልጨመሩም።

ነገሩ ቀላል ነው፣ ቀላል ግን ጭንቅ ነው። አንድ በአንድ ወደ ፊት መሄድ አለባቸው፤ ከባድ ከባዱ መጀመሪያ፣ ቀላሉ መጨረሻ። አፍንጫው መውረድ የሚጀምረው ቀላሏ ሊዳ በእግር ጣቷ ስትራመድ መሆን አለበት እንጂ በያጁ ሲረግጥ ከሆነ ጉድ ይፈላል። ለዚህ ደግሞ የሁሉንም ትክክለኛ ክብደት ማወቅ ያስፈልጋል።

"ኪሏችሁን ንገሩኝ! በተራ! ፍሮስያ?"

"እኔማ..." አለች ፍሮስያ ጉንጯ እየቀላ፣ "ሰባ ብትይ ነው።"

"ሰባ? የቱ እግርሽ? ሳቬሊ?"

"ሰማንያ አምስት" አለ ሳቬሊ ደረቱን ነፍቶ። ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን ጠፍቶ ነው የተቀመጠው።

"ጌርማን ቪክቶሪች?"

"ሰማንያ ገደማ... ከጡንቻው ጋር።"

አይ ሰው! በጭራው በተቀመጠ አውሮፕላን ውስጥ ሆኖ ሴቱ ይቀንሳል፣ ወንዱ ይጨምራል። ካፓ ዙሪያዋን አየች። ሁሉም ዓይኑን ይሰብራል። ከበታች ብረቱ ሲጥጥ አለ። ያኔ ገባት፤ እሷ ካልተናገረች ማንም እውነቱን አይናገርም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሲሄድ ጠብቃ፣ በሩን ቆልፋ ነበር የምትመዘነው። ቁጥሩን ከእሷና ከሚዛኑ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ፊቷ እንደ ፍም ጋለ፤ ዓይኗን ጨፍና ጮኸችው።

"እኔ ዘጠና ሦስት ኪሎ ነኝ!"

ሃንጋሩ አስተጋባው።

"መቶ ስምንት" አለች ፍሮስያ ቀስ ብላ፣ እጇን ጨብጣት። "መቶ ስምንት ነኝ፣ የኔ እናት። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ጨመር ይላል።"

"ስልሳ አራት" አለ ሳቬሊ። "ከነቡትሴ። ለሚስቴ እንዳትነግሩብኝ።"

"ስልሳ" አለ ጌርማን ቪክቶሪች ወለሉን እያየ። "ጡንቻ የለም።"

ከዚያ በኋላ እውነት እንደ ጎርፍ ወረደ። አንዱ ሲናገር ሌላው ይስቃል፣ የሳቀው ደግሞ ተራው ሲደርስ የራሱን ያፈርጣል። ካፓ በሐሳቧ ደመረች፣ ቀነሰች፣ ደረደረች። "ፍሮስያ፣ ሂጂ! ቀስ! እንደ ሙሽራ!" ፍሮስያ ዳገቱን እየተነፈሰች ወጣች። ቀጥሎ ካፓ ራሷ ሄደች፤ ከፊት ሆና እየጠራች አንድ በአንድ ወደ ፊት አመጣቻቸው። በመጨረሻ ከኋላ ሊዳ ብቻ ቀረች። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ መጣች፤ አንዴ ረገጠች፣ ደግማ ረገጠች፣ ሦስተኛውን ስትረግጥ ወለሉ ላም በረት ውስጥ እንደምትተኛው ዝግ ብሎ ወረደ። የፊቱ ጎማ መሬቱን ሲነካ ድምፅ እንኳ አልተሰማም።

"ኡራ!" የሚለው ጩኸት የጣሪያውን ውሃ አረገፈው። ሳቬሊ ካፓን ሊያቅፍ ዘለለ፤ እጁ ዙሪያዋን አልደረሰም፣ ግድ አልሰጠውም።

ወርደው ሲያዩ ጭራው ጭረት እንኳ የለበትም። ምርኩዙ ጎብጧል። ጫፉ ላይ የነበረው የጌርማን ቪክቶሪች የጠቦት ቆዳ ባርኔጣ እንደ ብሊኒ ቂጣ ተጠፍጥፏል፤ ጭራውን ከጭረት ያዳነው እሱ ነው። ጌርማን ቪክቶሪች አንስቶ አገላበጠው።

"ካፒቶሊና የጎሮቭና" አለ፣ ባርኔጣውን እንደ ሳህን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ምርኩዙ ይግባ። በራሴ እጅ እነድፈዋለሁ። ጫፉ ላይ ግን ለስላሳ ነገር ይደረግለት፤ ሌላ ባርኔጣ የለኝም።" ከዚያ ራሱ ቀድሞ ሳቀ፤ ካፓም አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አለቃው ግን አልሳቁም። ሆዳቸውን አስቀድመው መጡና ፊቷ ቆሙ።

"ይህን ብረት ማን አቆመው?"

"እኔ። ያለ ፈቃድ።"

"በር ላይ ቆሞ ሰው መቁጠር የነበረበትስ?"

"እሱም እኔ ነኝ" አለች። ደህና ሰንብት በይው፣ ሥራውንም በረራውንም፣ አለች በሆዷ።

"ከፊት ያለው አንዱ በርሜል ውሃ ሲሞላ ስንት ይመዝናል?"

"መቶ ኪሎ።"

"አንቺስ?"

ካፓ አንገቷን ደፋች። "ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ። የበሩም ዘበኛ ሰምቷል።" አለቃው ወደ ሠራተኛው ዞሩ። "ነገ አንዱ በርሜል ይውጣ። በቦታው ካፒቶሊና የጎሮቭና ትታሰር። ውሃ መለኪያ አያነብልኝም፣ እሷ ታነባለች።"

ሁሉም ወደሷ ዞረ። እሷ ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው? አመሰግናለሁ ነው የሚባለው! "ሰባት ኪሎ ይጎድላል" አለች።

"ለኔ ተዉት!" አለች ፍሮስያ። "ሰባት ኪሎ ፒሮግ አስታቅፋታለሁ!"

አሁን አለቃው ሳቁ። ሆዳቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። "ግን ስሚ" አሏት ቆይተው፣ ጣታቸውን ቀስረው። "የምትሳፈሪው በበርሜል ቦታ ነው። በርሜል አያወራም፣ አይጠይቅም፣ አብራሪ አይመክርም። ገባሽ?"

"ገባኝ" አለች ካፓ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ጥርት አለ። ካፓ ሰው ሁሉ እያየ ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ዘጠና ሦስት። ፒሮጉን ስታቅፍ መቶ ሞላች፤ ሰዉ አጨበጨበላት። ከመነሳቱ በፊት አለቃው ሁሉንም ውጪ አሰለፉና "ለመንገዱ ቁጭ! መሬት ላይ! አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ ወዮለት!" አሉ። በሣጥን ላይ፣ በጣውላ ላይ፣ በረዶው በቀለጠበት ሣር ላይ ተቀመጡ። ከሚኒስቴሩ የመጡት ባለ ረጅም ካፖርት ሰዎች ተያዩ፤ ከዚያ እነሱም ካፖርታቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ዝም አሉ። ካፓ የዚያን ዕለት ምንም አልደመረችም።

ከዚያ በርሜሉ ይታሰርበት በነበረው ቀበቶ ታሰረች፤ ፒሮጉ ጭኗ ላይ፣ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ። ሞተሮቹ ጮኹ። ሜዳው ሮጠ፣ ሃንጋሩ ሮጠ፣ ፍሮስያ ከነመሐረቧ ሮጠች፤ ከዚያ ሦስት ዓመት ግራም በግራም የተጣላችበት ነገር ሁሉ ብድግ አለ። እንዴት ብሎ ብድግ አለ! ሜዳው ገና ግማሹ ሳያልቅ ነው መሬቱን የለቀቀው። ካፓ በመስኮቱ አየች፤ የበርች ዛፉ ጫካ፣ በረዶው ከላዩ የተሰነጠቀ ወንዝ፣ እንደ ትል የምትሳብ ባቡር። እንባዋ እየወረደ ፒሮጉ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ግን መለኪያዋን ታነባለች፣ ትጽፋለች፣ በርሜል ነችና ትንፍሽ አትልም።

"በርሜል!" አለ ሳቬሊ በማዳመጫው። "እንዴት ነን?"

ዝም።

"በርሜል፣ በሕይወት አለሽ? ዙሩ አልቋል። ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ከታች 'ከፈለጋችሁ አንድ ዙር ጨምሩ፣ ካልፈለጋችሁ ውረዱ' ይላሉ። እንውረድ?"

ካፓ ጥርሷን ነክሳ ቻለች፣ ቻለች። ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰማችው ቃል በራሱ ጊዜ ከአፏ ወጣ።

"ሌላ ጊዜ!"

ሳቬሊ ሳቁ እስኪያንቀው ሳቀ፤ መሪውን ወደ ግራ አዞረ፤ አውሮፕላኑም ጫካውን ደግሞ ሊዞር ክንፉን አዘነበለ። ካፓ ፒሮጉ የታሰረበትን መሐረብ ፈታችና አንድ ፒሮግ አወጣች፤ ሳትመዝነው በላችው።